ሁለት ብርጭቆ ቮልኔ

ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ አንድ ገጽ አለ። ከላይ «ቮልኔ ካይሬ 2010» ይላል፤ የአንድ ቀይ ወይን ስም ነው። ከሥሩ በጥድፊያ የተጻፉ አራት ቃላት አሉ፦ ቼሪ፣ እንጆሪ፣ ቫዮሌት፣ ረዥም። አራቱም ውሸት ናቸው። የጻፍኳቸው እኔው ነኝ። አፍንጫዬ ሌላ ነገር እየነገረኝ እጄ ይህን ጻፈ። ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ገጹን ግን ልቀደው አልቻልኩም። ደብተሩን በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ እዚያው ላይ ያርፋል።

የምኖረው ቦን ነው። ቡርጎኝ በሚባለው የፈረንሳይ የወይን አገር መሃል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። ከአዲስ አበባ ስመጣ የማውቀው ቀይ ወይን ጉደር ብቻ ነበር፤ እሱንም በሠርግና በልደት። እዚህ ግን ወይን ሳያውቁ ትሪ መያዝ አይቻልም። ደንበኛው «ይሄኛው ከዚያኛው በምን ይለያል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን የሚጠብቀው ከሼፉ አይደለም፣ ከእኔ ነው። ስለዚህ ተማርኩ። ሥራ ካለቀ በኋላ፣ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ከተሰቀሉ በኋላ፣ የተረፈውን እየቀመስኩ፣ እየጻፍኩ ተማርኩ። ወደድኩትም። ይህን ሳልደብቅ ልናገር፤ ቀይ ቡርጎኝን የምወደው ከልቤ ነው።

ኖቬምበር ላይ ከተማዋ መፈናፈኛ የላትም። በ1443 ለድሆች የተመሠረተው የቦን ሆስፒታል ወይኑን በጨረታ የሚሸጠው በወሩ ሦስተኛ እሁድ ነው። ከ1859 የመጣ ልማድ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በዚያ ሳምንት እኛ አስተናጋጆች እንቅልፍ የለንም። ያን ዓመት ጨረታው ካለፈ በኋላ፣ ለምግብ ቤታችን ወይን የሚሸጡ አንዲት ትልቅ ሴት ሰባታችንን ቮልኔ የምትባለው የወይን መንደር ድረስ ጠሩን። «ደክማችኋል፣ ኑና አንድ ጥሩ ነገር ልክፈትላችሁ» አሉ። እኛ ማዳም ነው የምንላቸው።

የምድር ቤቱ ሽታ

ምድር ቤቱ ጠባብ ነው። ጣሪያው ቅስት ነው። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሻጋታ እንደ ከፋይ ጨርቅ ተለጥፏል። ይህ እዚያ አገር ነውር አይደለም፤ እርጥበት ያለበት ምድር ቤት ሁሉ እንደዚያ ነው። 228 ሊትር የሚይዙት በርሜሎች በሁለት ረድፍ ተኝተዋል። ማዳም ስልክ ይዟቸው ስለነበር ጠርሙሱን የከፈተልን የወንድማቸው ልጅ ነው። ለሰባታችንም ቀዳ። «እስኪመጡ ቅመሱት» ብሎን ወደ ላይ ወጣ።

ሌብሉን ሳይ ልቤ ደንገጥ አለ። ቮልኔ ግራን ክሩ የሚባለው ከሁሉ ከፍ ያለው ማዕረግ የለውም። ያለው ትልቁ ማዕረግ ከዚያ የሚቀጥለው ፕሬሚዬ ክሩ ነው። ፕሬሚዬ ክሩ ከሆኑት ማሳዎች መሃል ግን ካይሬ አንጋፋ ነው። «ካይሬ ላይ ወይን ያልተከለ የቮልኔን ዋጋ አያውቅም» የሚል የቆየ አባባል አላቸው። ስሙ ከጠጠር የመጣ ነው። መሬቱም ጠጠራም ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ይመስለኛል።

ብርጭቆውን እንደተማርኩት አነሳሁ። መጀመሪያ ሳላዞረው አፍንጫዬን አስጠጋሁ።

የመጣልኝ ቼሪ አልነበረም። ዝናብ የመታው ካርቶን ነበር። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ የእህል መጋዘን ነበር። ክረምት ላይ ጣሪያው ያፈሳል። ጠዋት በሩ ሲከፈት የራሰ ጆንያ ሽታ መንገዱ ድረስ ይወጣ ነበር። ቁርጥ እሱ ነው። ስስ ሆኖ፣ ከሩቅ የመጣ መስሎ፣ ግን እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ምናልባት አንድ ደቂቃ ቢወስድ ነው። መጀመሪያ ምድር ቤቱን ከሰስኩ። «ሻጋታ የሸተተኝ ከግድግዳው ነው» አልኩ ለራሴ። ቀጥሎ የወይኑን ዕድሜ ከሰስኩ። ቀይ ቡርጎኝ ሲያረጅ የእርጥብ ጫካ፣ የረገፈ ቅጠል፣ የእንጉዳይ ሽታ ያመጣል። ይህ ጉድለት አይደለም፣ ሰው ዓመታት የሚጠብቀው ጸጋ ነው። «ይሄ እሱ ይሆናል» አልኩ። በመጨረሻ ራሴን ከሰስኩ። እኔ ማን ነኝ? ከሰባታችን እዚያ አገር ያልተወለድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከአጠገቤ የነበረው «ቼሪ፣ በጣም ንጹሕ ቼሪ» አለ። ቀጣዩ «እንጆሪም አለው» አለ። ሌላዋ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ነቀነቀች። ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

«ቫዮሌት» አልኩ።

ሲወጣ ለራሴ ተሰማኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወዲያው ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት። የጻፍኩት እውነት እንዲመስለኝ ነበር። «ረዥም» የሚለውንም ጨመርኩበት፤ ወይኑ ግን ከአፌ ገና ሳልውጠው ጠፍቶ ነበር።

ሌብሉ ሲቀምስ

ኋላ ላይ አንድ ነገር አነበብኩ። በ2001 የታተመ የቦርዶ ጥናት ነው። 54 የወይን ተማሪዎች ነጭ ወይን ቀረበላቸው። ስለ ነጭ ወይን በሚነገርበት ቃል ገለጹት። ሌላ ቀን ያው ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም ተቀልሞ መጣላቸው። አሁን ስለ ቀይ ወይን በሚነገርበት ቃል ገለጹት። ብዙ ሰው ይህን የሚያወራው ወይን ቀማሽ ሁሉ ቀጣፊ ነው ለማለት ነው። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። እነዚያ ልጆች አልዋሹም። ዓይናቸው ቀድሞ ስለነገራቸው አፍንጫቸው የምር ቀይ ፍሬ አገኘ።

የእኔ ከእነሱ ይከፋል። አፍንጫዬ አልተታለለም። ትክክለኛውን ነገረኝ። አላምን ያልኩት እኔ ነኝ።

ለምን? ብዙ አስቤበታለሁ። የዚያ ጠርሙስ ዋጋ ከሁለት ቀን ደሞዜ ይበልጣል። ይህ አንዱ ነው። ሌላው አስተዳደጌ ነው። ሰው ቤት ተጠርቶ የቀረበን አይነቅፉም። ጠላው ቢኮመጥጥም «ይባረክ» ብሎ መጨለጥ ነው። ደግ አስተዳደግ ነው፣ አልክደውም። ግን እናቴ ራሷ ጋኑ ላይ እንደዚያ አልነበረችም። ለዓመት በዓል ስትጠምቅ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥነዋለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አፉ ላይ ታሸታለች። ካልጣማት ውሃ ታስቀዳና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ጎረቤት ቆሞ «ኧረ ደህና ነው፣ ይበቃዋል» ቢላት አትሰማም። የሰው ጠላ ላይ አፍ አታወጣም፤ የራሷ ጋን ላይ ግን ይሉኝታ የላትም። ያን ቀን እኔ እንግዳ ነበርኩ ወይስ ቀማሽ? ሁለቱን መለየት አቃተኝ።

ሁለተኛው ጠርሙስ

ማዳም ወረዱ። ቦቲ አድርገዋል። እጃቸው ገና እርጥብ ነው። አስጠበቅኳችሁ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ብርጭቆ አንስተው ትንሽ ቀዱ። አላዞሩትም። አፍንጫቸውን ጠጋ አደረጉ፤ አንድ ሰከንድ እንኳ አልቆዩም። ወይኑን መትፊያው ባልዲ ውስጥ ደፉት። ከዚያ አንድ በአንድ አዩን። ተቆጥተው አይደለም። ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ነበር አስተያየታቸው።

«ቡሽ ነው» አሉ፤ ቡሹ ወይኑን አበላሽቶታል ማለታቸው ነው። «ከተቀዳ ስንት ደቂቃው ነው?»

«ሃያ ይሆናል» አለ አንዱ።

«ሃያ ደቂቃ!»

ሌላ ምንም አላሉም። ከዚያው ሳጥን ሁለተኛ ጠርሙስ አወጡ። ራሳቸው ከፈቱት። አዲስ ብርጭቆ አስመጡ። «የመጀመሪያውን እንዳትደፉት» አሉን። ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። አንድ ወይን ናቸው። አንድ ማሳ፣ አንድ ዓመት፣ አንድ በርሜል። የሚለያቸው አውራ ጣት የምታህል ቡሽ ብቻ ናት።

በዓይን ምንም ልዩነት የላቸውም። ፒኖ ኗር የሚባለው የወይን ዘር የፍሬው ቆዳ ስስ ስለሆነ ወይኑ ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው። ብርጭቆውን ዘንበል ሳደርገው ከጀርባው ያለው ጣቴ ይታየኛል። ጠርዙ ላይ ወደ ሸክላ መልክ መሄድ ጀምሯል። ዕድሜው ነው።

ሁለተኛውን አሸተትኩ። እዚህ ላይ ቃል ያጥረኛል፤ ግን ልሞክር። መጀመሪያ ኮምጠጥ ያለ ቼሪ መጣ፤ ከነፍሬው፣ ከነዘሩ። ቀጥሎ አበባ መጣ። ቫዮሌት! ዋሽቼ የጠራሁት አበባ እውነተኛው ብርጭቆ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ከዚያ ስር ያ የእርጥብ ቅጠል ሽታ ነበር። ከካርቶኑ ሽታ ጋር በፍጹም አይገናኝም። አንደኛው ዝናብ ካባራ በኋላ ያለ ጫካ ነው። ሌላኛው የተዘጋ ክፍል ነው። ጫካው ፍሬውን አይነካውም፣ አብሮት ይኖራል። ካርቶኑ ግን ፍሬውን ገድሎ ብቻውን ነው የሚቀመጠው። ይህን ልዩነት ከዚያ በፊት በቃል አውቀው ነበር፤ በአፍንጫዬ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ቀመስኩት። ኮምጣጣነቱ ምራቅ ያመጣል፤ አይቆረጥምም። ታኒን የሚሉት፣ ብዙ የቆየ ጥቁር ሻይ ድድ ላይ የሚተወው ሻካራነት አለ አይደል? እሱ ይኖራል፣ ግን እንደ ደቀቀ ዱቄት ልሟል። ሁለቱም ከፍሬው ጋር ተመጣጥነዋል። ዋጥኩትና ሰዓቴን አየሁ። ፈረንሳዮች ወይን ከተዋጠ በኋላ ጣዕሙ አፍ ውስጥ የሚቆይባትን አንዷን ሰከንድ ኮዳሊ ይሏታል። አሥራ አራት ቆጠርኩ። ወደ መጀመሪያው ብርጭቆ ተመለስኩ። ሦስት ላይ ባዶ ነው።

ማዳም ያን ጊዜ ስለ መሬቱ ማውራት ጀመሩ። በዚህ ተዳፋት ላይ መነኮሳት ለዘመናት ወይን ሲተክሉ ኖረዋል። በ1395 የቡርጎኝ መስፍን ፊሊፕ ጋሜ የሚባለውን ዘር «ከዳተኛ» ብሎ ንቀሉት አለ። ለቀይ ወይኑ ፒኖ ኗር ነገሠ። ዘሩ አንድ ስለሆነ ልዩነቱን የሚያመጣው መሬቱ ነው ይላሉ። ጎረቤት ያለው ፖማር በእግር ይደረሳል። የእሱ ወይን ግን ደንደን ያለ፣ ታኒኑ የሚይዝ ነው። ቮልኔ ቀለል፣ ለስለስ ይላል። ዩኔስኮ በ2015 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዳቸው ስም ያላቸው 1,247 ማሳዎች። ይህን ሁሉ እየሰማሁ የመጀመሪያውን ብርጭቆ አየሁት። ያ ወይን ከየትም ሊሆን ይችላል። ከቮልኔ፣ ከፖማር፣ ከዓለም ዳርቻ። ቡሹ የሰረቀው አገሩን ነው።

ከዚያ ማዳም ጠየቁ። «አሁን ንገሩኝ። ገና ከመጀመሪያው የጠረጠረ አለ?»

እጄ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አላነሳሁትም።

ከሁሉ የሚቆጠቁጠኝ ይሄኛው ነው። የመጀመሪያው ዝምታ ፍርሃት ነበር፣ ይገባኛል። ሁለተኛው ግን? «አውቄ ነበር» ብል ታዲያ ለምን ቫዮሌት አልክ ይሉኛል። «አላውቅም» ብል ደግሞ እንደ ሌላው ሰው እታለፋለሁ። ማንም አይጎዳም። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። እውነቱን ነው፣ ዝም በማለቴ ማንም አልጠየቀኝም። ግን ፊት ለፊቴ የነቀዘ ወይን ተቀምጧል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሰባት ሰው ያሞገሰው ወይን ነው። ምናልባት ሌላም ሰው ሸቶት ይሆናል። ምናልባት ሰባታችንም አንዳችን የሌላችንን አፍ እየጠበቅን ነበር።

ስንወጣ ካፖርቴን እየለበስኩ ወደ ኋላ ቀረሁ።

«ማዳም፣ እኔ ሸቶኝ ነበር።»

«መቼ?»

«ገና ሳልቀምሰው።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

«ቫዮሌት አልኩ።»

አልሳቁም። «ጽፈውታል?» ብለው ወደ ደብተሬ በአገጫቸው አመለከቱ። አዎ አልኳቸው። «አይሰርዙት» አሉ። ከዚያ ከሁለተኛው ጠርሙስ የተረፈውን በቡሽ ደፍነው እጄ ላይ አስቀመጡት። በማግስቱ ማታ ቤቴ ብቻዬን ጠጣሁት። አበባው ቀንሶ ነበር። ቼሪው ግን ሌሊቱን አድሮ ጣፍጧል። ያንን በሚቀጥለው ገጽ ላይ ጻፍኩ። በአማርኛ።

አንድ ግራም

ከዚያ በኋላ ጥቂት ወራት ተቸገርኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ሆንኩ። ጠርሙስ በከፈትኩ ቁጥር ካርቶን የሸተተኝ ይመስለኛል። ደህናውን ጠርሙስ ሁለቴ መለስኩና ባልደረቦቼ አሸትተው «ምንም የለውም» አሉኝ። ልክ ነበሩ።

ስለዚህ ነገሩን አጠናሁት። ቡሽ ከዛፍ ልጣጭ የሚሠራ ነው። ውስጡ ያለ ሻጋታ ክሎሪን ካለባቸው ንጥረ ነገሮች ጋር ሲገናኝ ቲሲኤ የሚባል ኬሚካል ይሠራል። የስዊስ ተመራማሪዎች የለዩት በ1981 ነው። ጤና አይጎዳም። ግን በአንድ ሊትር ውስጥ አምስት ናኖግራም ብቻ ቢኖር እንኳ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሒሳቡን ሠራሁት። በዚህ ልክ አንድ ግራም 200 ሚሊዮን ሊትር ወይን ያበላሻል። ለአንዳንዱ ሰው ደግሞ ከዚህ በላይ ቢሆንም አይሸተውም። ስንፍና አይደለም፣ አፍንጫው ነው።

አንድ የሚያግዝ ነገርም ተማርኩ፤ መታገስ። አንዳንድ ወይን ገና ሲከፈት የክብሪት ወይም የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት ሽታ ይኖረዋል። አየር ሲያገኝ ይሄዳል። የቡሽ ሽታ አይሄድም። አሥር ደቂቃ ብትሰጠው ይብስበታል። አሁን ስጠራጠር ትንሽ ቀድቼ ጥግ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ዞሬ ስመለስ ይነግረኛል።

ባለፈው ፀደይ ባልና ሚስት መጡ። ያረጁ አይደሉም፤ ግን አብረው ብዙ የኖሩ መሆናቸው ያስታውቃል። የራሳቸውን ጠርሙስ ይዘዋል። ዠቭሬ ሻምቤርታን፣ 2002። የተጋቡበት ዓመት ነው። ኋላ ለጋብቻቸው መታሰቢያ ስድስት ጠርሙስ ተሰጥቷቸው ይህ የመጨረሻው ነው። ባልየው እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ ሰጠኝ።

ከፈትኩት። አሸተትኩት። ጆንያ።

ማዕድ ቤቱ በር ጋ ሄጄ አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ። ብሶበታል። ምን ላድርግ? ምናልባት አይሸታቸው ይሆናል። ካልሸተታቸው ደስታቸው ሙሉ ነው፤ እኔ ማን ነኝ የምቀማቸው? ይህን ሳስብ እጄ ላይ ያለው ብርጭቆ የቮልኔው መሰለኝ። ተመልሼ ሄድኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አዝናለሁ፣ ቡሹ ጎድቶታል» አልኳቸው። መሰለኝ አላልኩም።

ሚስትየው ብርጭቆውን ተቀብላ ብዙ አሸተተች። «ምድር ቤታችን እርጥበት አለው፣ እሱ ይሆናል» አለች። አልተከራከርኳትም። ከእኛ ቤት አንድ ሌላ ዠቭሬ ከፍቼ ለሁለቱም ጎን ለጎን ቀዳሁላቸው። ሁለቱን አሸተተች። ለባሏ አቀበለችው። ለትንሽ ጊዜ አልተነጋገሩም።

ምግባቸውን የበሉት በእኛ ወይን ነው። የራሳቸውን ብርጭቆ ግን እንድደፋው አልፈቀዱም። በመጨረሻ፣ ጣፋጩ ከተነሳ በኋላ፣ አጋጭተው ሁለቱም ጠጡት፤ ቀስ ብለው፣ እስከ ታች። ሒሳብ ሲከፍሉ ባልየው ቡሹን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተው።